ለሌሎች ልጆች የልብ ቀዳዳ ይዘጋል፤ ለልጄ ለምን ይከፈታል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጅ አባት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) እና በካቴተር (ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ተመርምራ ልቧ ቀዳዳ እንደሌለበት፣ ነገር ግን በሳንባዋ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ከሰውነቷ የደም ግፊት እንደሚበልጥ ተነገረን። የሳንባ ግፊት መድኃኒቶቹን ሲልደናፊልና ቦሴንታን ከጀመረች ዓመት ቢያልፋትም አልተሻላትም። ሐኪሟ አሁን «ፖትስ» የሚባል በውጭ አገር የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አንስተውልናል። የጎረቤቴ ልጅ የልብ ቀዳዳው ተዘግቶለት ሲድን አይቻለሁና፣ የእኔ ልጅ ደም ቅዳ ሆን ተብሎ መከፈቱ ምን ይጠቅማታል? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሕፃናት ልብ ሐኪም

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት። የልብ ቀዳዳ ያለባቸው ልጆች በጊዜ ከተዘጋላቸው ይድናሉ። ሳይዘጋ ቆይቶ የሳንባቸው ግፊት ከሰውነታቸው ግፊት ጋር ከተስተካከለ ወይም ካለፈ ግን ቀዳዳው የቀኙ ልብ መተንፈሻ ስለሚሆን አንዘጋውም። እነዚህ ልጆች ኦክስጅን ያነሰው ደም በቀዳዳው ስለሚያልፍ ከንፈራቸው ቢጠቁርም፣ ቀዳዳ ከሌላቸውና ግፊታቸው ተመሳሳይ ከሆነ ልጆች የበለጠ ዕድሜ ይኖራሉ። የቀዶ ሕክምናው ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ነው።

የልጅዎ ቀኝ ልብ ያንን ግፊት የሚያቃልልበት መውጫ የለውም። ደረጃ ስትወጣ ግፊቱ ይበልጥ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ልብ የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ አንጎሏም ደም ያጥረዋል፤ ራሷን የምትስተው ለዚህ ነው። በፖትስ ሕክምና የግራውን ሳንባ ደም ቅዳ ወደ ታች ከሚወርደው አኦርታ (ከሰውነት ትልቁ ደም ቅዳ) ጋር ያገናኙታል። መገናኛው ለራስና ለክንድ የሚሄዱት ቅርንጫፎች ከተለዩ በኋላ ስለሆነ፣ ኦክስጅን ያነሰው ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይሄዳል፤ አንጎልና የልብ ጡንቻ ግን ጥሩውን ደም ያገኛሉ። በሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ከመክፈት የሚሻልበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ዶክተር ዊሊስ ፖትስ እ.ኤ.አ. በ1946 በቺካጎ ይህን መገናኛ የሠሩት በተቃራኒው፣ ሳንባቸው ደም ላነሰው ልጆች ደም ለመጨመር ነበር። የፓሪስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ለሳንባ ግፊት እንደተጠቀሙበት አሳወቁ። አደጋውን አልደብቅዎትም፤ ልቡ የደከመ ልጅ ሰመመኑን ራሱን ላይቋቋም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው የመጀመሪያዎቹ 24 ልጆች ውጤት ላይም 3ቱ ብዙ ሳይቆዩ አርፈዋል። ስለዚህ ልቧ ፈጽሞ ከመድከሙ በፊት መወሰን ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የሳንባው ግፊት ከሰውነቱ ግፊት በታች ለሆነ ልጅ ግን አይሠራም፤ ደሙ አቅጣጫ ቀይሮ ሳንባውን ያጥለቀልቃልና።

መልስ፦ እናት፣ ፈረንሳይ

ወንድሜ፣ ልጄ ይህ ሕክምና ከተደረገለት አራት ዓመት ሆነው። በሽታው አልጠፋም፣ እንክብሉንም አሁን ድረስ ይወስዳል፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ራሱን ስቶ አያውቅም፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ይወጣል። ለእኛ የከበደው የኦክስጅን ልኬቱን መልመድ ነበር። ቀኝ እጁ ላይ 96 የሚያሳየው መለኪያ እግሩ ላይ 80 ያሳያል። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለጉንፋን ሄደን ነርሷ እግሩ ላይ ለክታ ደንግጣ አምቡላንስ ጠራች። ከዚያ በኋላ «ኦክስጅኑን በቀኝ እጁ ለኩ፤ የእግሩ ማነስ የሕክምናው ውጤት ነው» የሚል ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጬ በቦርሳው አስቀመጥኩለት። የእግሩ ጥፍር ይጠቁራል፣ ከንፈሩ ግን ቀይ ነው።

ጠያቂው

እህቴም ዶክተርም እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ እንዲህ ሆና አውሮፕላን ትችላለች?

መልስ፦ የሕፃናት ልብ ሐኪም

ከፍታ የሳንባን ደም ሥር ስለሚያጠብ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በበረራ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ አየር በአብዛኛው ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር አይሳሳም፤ አዲስ አበባም 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ልጅዎ የምትኖረው ከዚያ ብዙም በማይለይ አየር ውስጥ ነው። ያም ሆኖ ኦክስጅን ይዛ እንድትበር ሐኪሟ ይጻፉላት፤ ወረቀቱንም ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ለአየር መንገዱ ያቅርቡ።