የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ የከተማ መስፋፋትና የምድር መሞቅ (ረቂቅ 2 ላይ አስተያየት)

አስተባባሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ረቂቅ 2ን ለጥፌያለሁ። መግቢያው ላይ "ከተሞች ስለሚሞቁ ምድር እየሞቀች ነው" ብያለሁ፣ ይሄ ይቆይ ወይስ ይቀየር? እስከ አርብ በሉኝ።

ፕላነሩ፦ ኧረ ይቀየር! ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ ከተማው ራሱን የሚያሞቅበት ነው፣ አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ሲተፋው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ የብሎኬት ግድግዳ በመዳፋችሁ ንኩት እስቲ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ስንት ሰዓቷ እሱ ገና ትኩስ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፣ እንግሊዛዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ሉክ ሃዋርድ ለንደን ሌሊት ሌሊት ከዙሪያዋ ገጠር እንደምትሞቅ በቴርሞሜትር ለክቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ መጨረሻ ነው። ግን ከተሞች የያዙት መሬት ትንሽ ስለሆነ ያ ሙቀት ብቻውን ዓለምን አያሞቅም። ዓለምን የሚያሞቀው እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ጋዙ ነው፣ አይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ጉባኤ) እ.ኤ.አ. በ2022 ሪፖርቱ ነዋሪው ከሌላ ቦታ አስመጥቶ የሚጠቀመውን ጭምር ቆጥሮ በዓለም ከሚወጣው ጋዝ የከተሞችን የ2020 ድርሻ ከ67 እስከ 72 በመቶ ብሎታል።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ ግን ቁጥሩን እንዲሁ ካስቀመጥነው "ሰው ከተማ አይግባ" ያልን እንዳይመስል ፈራሁ። ተጠጋግቶ የሚኖር ሰው እኮ ብዙ ነዳጅ አያቃጥልም።

ፕላነሩ፦ ልክ ነሽ፣ እንደውም የፕሮፖዛሉ ልብ እሱ ይሁን። የአሜሪካዋ አትላንታና የስፔኗ ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የሕዝብ ብዛታቸው ተቀራራቢ ነበር፣ አትላንታ ግን ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ተዘርግታ ባርሴሎና 200 እንኳን አትሞላም። እንደዛ በተዘረጋ ከተማ መኪና የሌለው ሰው እግሩ ተቆረጠ ማለት ነው፣ ባቡር ላስገባ ብትልም ሰዉ ስለተበታተነ አያዋጣህም። መንገድ አንዴ ከተነጠፈ ደግሞ ማን ያጥፈዋል?

መሐንዲሱ፦ ሲሚንቶን ረሳችሁት! ከሰው ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶው የሱ ነው፣ ከዛ ውስጥ ደሞ ከግማሽ በላዩ ከነዳጁ ሳይሆን ሲሚንቶ ከሚሠራበት ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው ምድጃ ውስጥ ሲግል የሚወጣው፣ ስለዚህ ምድጃውን በንጹህ ኤሌክትሪክ ብናነደው እንኳ አይጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት በ2018 ትንበያው እ.ኤ.አ. በ2050 ከዓለም ሕዝብ 68 በመቶው ከተማ ይኖራል ብሏል፣ ያ ሁሉ ቤት በምን ይሠራል? "ያለውን ከማፍረስ ማደስ" የሚል ነጥብ ይግባልኝ።

ወጣቷ አባል፦ ዛፍስ? የኮሎምቢያዋ ከተማ ሜዴሊን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 30 አረንጓዴ ኮሪደር (መንገድ ዳር የተዘረጋ ዛፍና ተክል) ተክላ ሙቀቱን 2 ዲግሪ ገደማ አውርዳለች። ከኤርኮንዲሽነር ዛፍ ይሻላል፣ ኤርኮንዲሽነር ማለት እኮ የክፍሉን ሙቀት አውጥቶ መንገደኛው ላይ መድፋት ነው።

ፕላነሩ፦ ይግባ፣ ግን ለብቻው ክፍል ይሰጠው። ዛፉ የሚያድነው እዛው ያለውን ሰው ነው፣ ጋዙን ያን ያህል አይቀንስም። ለጋሾች ዛፍ ስለሚወዱ ሁሉን ነገር ዛፍ እንዳናደርገው ብቻ።

አስተባባሪዋ፦ እሺ መግቢያው እንዲህ ይሁን፦ "ከተማ ሲሰፋ ሁለት ሙቀት ያመጣል፣ አንዱ ነዋሪውን ይጠብሰዋል፣ ሌላው በጋዙ በኩል ምድርን በሙሉ ያሞቃል።" ሲሚንቶውን መሐንዲሱ፣ ዛፉን አንቺ ጻፉልኝ፣ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ "ይጠብሰዋል" ትውጣ በናትሽ፣ ቢሮ የሚገባ ወረቀት ነው።

አስተባባሪዋ፦ "ያግለዋል" አድርጌዋለሁ 😄