የፊልም ቅጂ የምስልና የዙሪያ ድምፅ ጥራት በምን ይለያል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ለቤተሰባችን የሚሆኑ ጥሩ ጥሩ ፊልሞችን እየመረጥሁ በማስቀመጥ ላይ ነኝ። ያለኝ ዕቃ ባለ 50 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን፣ ባለ 5.1 ሆም ቲያትር (አምስት ስፒከርና አንድ የወፍራም ድምፅ ሳጥን ያለው) እና የብሉሬይ ማጫወቻ ሲሆን፣ የምናይበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ ገና አልተሠራለትም።

አሁን የአንድ ፊልም ሁለት ቅጂዎች በእጄ አሉ። አንዱ ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝ ኦሪጅናል የብሉሬይ ዲስክ ነው። ሌላው ከአንድ ሱቅ «4ኬ፣ 5.1» ተብሎ በፍላሽ የተጫነልኝ ፋይል ነው። ፋይሉ ከዲስኩ ይልቅ ደማቅና ጥርት ያለ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የተዋንያኑ ፊት ሰም የተቀባ ያህል ልሙጥ ነው፤ የሌሊት ትዕይንት ሲመጣም ጥቁሩ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል። ድምፁ ደግሞ ከአምስቱም ስፒከሮች እኩል ይወጣል። ዲስኩን ስናጫውት ግን የኋላዎቹ ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ቤተሰቡ ፋይሉ ይሻላል ይላል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። የትኛው ቅጂ እንደሚበልጥ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለማወቅ ምን ምን ልመልከት፣ ምን ምንስ ላዳምጥ?

መልስ፦ ከባሕር ዳር

ቅጂዎቹን ከማወዳደርዎ በፊት ሁለቱ በአንድ መንገድ እየታዩ መሆኑን ያረጋግጡ፤ እንደ ገለጻዎ ከሆነ እየታዩ አይመስለኝም። ዲስኩ ከማጫወቻው በኤችዲኤምአይ ገመድ ይመጣል፤ ፍላሹ ግን በቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ተሰክቶ በቴሌቪዥኑ በራሱ ይጫወታል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ለእያንዳንዱ መግቢያ የተለያየ የምስል ማስተካከያ ስለሚይዙ፣ በኤችዲኤምአዩ በኩል «ሲኒማ» የሚለው ተመርጦ ሳለ በዩኤስቢው በኩል ከፋብሪካ የመጣው ደማቅ ማስተካከያ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ያ ማስተካከያ በሱቅ መብራት ሥር ዓይን እንዲስብ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ቀለሙን ያጋንናል፣ ነጩን ወደ ሰማያዊ ያዘነብለዋል፣ በነገሮች ጠርዝ ዙሪያም በፊልሙ ውስጥ የሌለ ነጭ መስመር ይጨምራል። ቤተሰቡ «ይሻላል» ያለው ይህን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በሁለቱም መግቢያዎች ላይ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን ይምረጡ። «ሻርፕነስ» የሚለውን ወደ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ያውርዱ፤ ጉድፍ ማጽጃውንና እንቅስቃሴ ማለስለሻውንም ያጥፉ። ፊልም በተለምዶ በሰከንድ 24 ፍሬም ማለትም 24 ነጠላ ምስል የሚቀረጽ ሲሆን፣ እንቅስቃሴ ማለስለሻው በፍሬሞቹ መካከል ቴሌቪዥኑ ራሱ የፈጠራቸውን ምስሎች ያስገባል። ይህ ሳይጠፋ ስለ ቅጂው የሚሰጥ ፍርድ ስለ ቴሌቪዥኑ የተሰጠ ፍርድ ነው የሚሆነው።

የመቀመጫዎን ርቀትም ይለኩ። ባለ 50 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 1.1 ሜትር ያህል ነው። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው የ4ኬን ነጠላ ፒክስሎች (ምስሉ የተሠራባቸውን ነጥቦች) ለይቶ ለማየት ወደ 1 ሜትር ገደማ መቅረብ ይኖርበታል፤ የ1080ውን ማለትም የተራውን ብሉሬይ ፒክስሎች ለመለየት ደግሞ 2 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ብዙዎቻችን የምንቀመጠው 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀን ስለሆነ፣ ከዚያ ቦታ ሆኖ «4ኬ ስለሆነ ጠራ» የሚል ሰው ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር እንደሆነ ቢጠረጥር ይበጀዋል።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

ሥራዬ የቪዲዮ ቅንብር ነው፤ ስለ ምስሉ የማውቀውን ልጨምር።

በቅድሚያ ፋይሉን በኮምፒውተር ላይ «ሚዲያኢንፎ» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱት። የምስሉን ስፋትና ቁመት፣ ምስሉ የተጨመቀበትን ዘዴ ማለትም ኮዴኩን፣ በሰከንድ የተመደበለትን የመረጃ መጠን ማለትም ቢትሬቱን፣ እንዲሁም የድምፁን ዓይነትና የቻናሉን ቁጥር ይነግርዎታል። ፕሮግራሙ በእጅዎ ባይኖርም ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የፋይሉን መጠን በጊጋባይት ወስደው በ8,000 ያባዙና ፊልሙ በሚወስደው ሰከንድ ያካፍሉት፤ ውጤቱ ድምፅንም ምስልንም ያካተተ ሜጋቢት በሰከንድ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም 7,200 ሰከንድ ስለሆነ፣ 3 ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል በሰከንድ 3.3 ሜጋቢት ብቻ አለው ማለት ነው። የብሉሬይ ዲስክ ሁለት ንብርብር ያለው ከሆነ 50 ጊጋባይት ይይዛል፤ ለምስሉ ብቻ እስከ 40 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈቀድለታል። 4ኬ ደግሞ ከ1080 አራት እጥፍ ፒክስል አለው። ኤችኢቪሲ የተባለው አዲሱ ኮዴክ ከቀድሞው በግማሽ ያህል መረጃ ተቀራራቢ ጥራት ሊሰጥ ይችላል፤ ቢሆንም 3 ሜጋቢትን ለ4ኬ የሚያበቃ ተአምር የለውም። እርስዎ በጥቁሩ ውስጥ ያዩአቸው አራት ማዕዘኖች የዚህ እጥረት ምልክቶች ናቸው፤ ኮዴኩ ምስሉን በብሎክ እየከፋፈለ ስለሚያጠናቅር፣ መረጃው ሲያንሰው መጀመሪያ የሚተወው ዓይን አያስተውለውም ብሎ የሚገምተውን የጨለማውን ዝርዝር ነው።

ከቁጥሩ በኋላ ዓይን ይከተላል። ደማቅ የቀን ትዕይንት ሁሉንም ቅጂ ስለሚያሳምር በእርሱ አይፍረዱ። ጭስ፣ ጉም፣ የሚናወጥ ውኃ፣ ቅጠሉ በነፋስ የሚርገበገብ ዛፍና ሕዝብ የሚተራመስበት ቦታ ይምረጡ፤ ደካማ ቅጂ የሚጋለጠው እዚያ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ሰማዩን ይመልከቱ፤ ቀለሙ ቀስ በቀስ መለወጥ ሲገባው በደረጃ በደረጃ ሰንበር ከተከፋፈለ ችግር አለ። ከዚያም መካከለኛ ርቀት ላይ የቆመ ሰው ሲመጣ ፊልሙን ያቁሙና ቆዳውን፣ ቅንድቡን፣ የልብሱን ሽመና ያስተውሉ።

ሰም የመሰለው ፊት የሚመጣው ምስሉን «ለማጽዳት» ሲባል ከጉድፉ ጋር የቆዳውም ዝርዝር አብሮ ስለሚጠፋ ነው። አጽጂው ብዙ ጊዜ የጠፋውን ለመሸፋፈን በላዩ ላይ ጠርዝ መሳያ ይጨምርበታል፤ ልሙጥ ፊትና ስለታም ጠርዝ በአንድ ምስል ላይ ሲገናኙ ያ ቅጂ የተነካካ መሆኑን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ግን በፍትሕ ልናገር። ኦሪጅናል የ4ኬ ዲስክም ቢሆን ሁልጊዜ ከ4ኬ ምንጭ አይወጣም። ብዙ ዘመናዊ ፊልሞች በስቱዲዮ ውስጥ ቅንብራቸው የተጠናቀቀው ከ1080 ብዙም በማይበልጠው በ2ኬ ስለሆነ ዲስካቸው ከዚያ ተለጥጦ የተሠራ ነው። በእነዚህ ላይ የሚገኘው ትክክለኛ ጥቅም ከፒክስሉ ብዛት ይልቅ በብርሃኑ ስፋትና በቀለሙ ነው፤ ተራው ብሉሬይ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው፣ የ4ኬው ዲስክ 1,024 ደረጃ አለው። ከላይ የጠቀስሁት የሰማይ ሰንበር በእርሱ ላይ የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

አስተያየት፦ ከዳንግላ

በፊልሞች ላይ የሚታየው እንደ አሸዋ የሚርመሰመሰው ነገር ጉድፍ ከሆነ መጽዳቱ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? እኔ በበኩሌ የጸዳውን እመርጣለሁ።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

በፊልም ጥቅል ላይ የተቀረጸ ሥራ ከሆነ ያ አሸዋ ከውጭ የገባ ቆሻሻ አይደለም፤ ምስሉ ራሱ የተሠራው በጥቅሉ ላይ ባለው የብር ውህድ ቅንጣት ስለሆነ ፊቱም ግድግዳውም ከዚያው ቅንጣት የተገኙ ናቸው። ቅንጣቱን ሲያጠፉ ከእርሱ ጋር የሚሄደው የፊቱ ዝርዝር ነው። መለያው ይህ ነው፦ የፊልሙ ቅንጣት በየፍሬሙ ይለዋወጣል፣ በስክሪኑ ሁሉ ላይ ረቂቅና ተመሳሳይ ሆኖ ይታያል፤ በመረጃ እጥረት የሚመጣው ጉድፍ ግን በፊደላትና በነገሮች ጠርዝ ዙሪያ ተከማችቶ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም በብሎክ ተቆራርጦ ይቆማል። የመጀመሪያውን ጠብቆ ያቆየ ቅጂ ሲያገኙ እባክዎ አይጣሉት።

መልስ፦ ከሞጣ

ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ጥያቄው ከምስሉ ይልቅ እዚህ ላይ የሚከብድ ይመስለኛል። ከአምስቱም ስፒከሮች እኩል ድምፅ መውጣቱ የጥራት ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። በትክክል በተቀናበረ 5.1 ንግግሩ ከመካከለኛው ስፒከር ይወጣል፤ ሙዚቃውና ዋናው ድርጊት ከፊት ግራና ቀኝ ይሰማል፤ የኋላዎቹ ደግሞ ዝናቡን፣ የሕዝቡን ጉምጉምታ፣ ከኋላ የሚያልፈውን መኪና ይይዛሉ። ሁለት ሰዎች ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሲነጋገሩ የኋላዎቹ ዝም ማለታቸው ዲስኩ የሚለውን በታማኝነት መታዘዛቸው ነው።

ማረጋገጫው ይህ ነው። በሆም ቲያትሩ ሪሞት «ዳይሬክት» ወይም «ስትሬት» የሚለውን በመምረጥ ማሽኑ በራሱ ድምፅ እንዳያባዛ ያድርጉ። ከዚያ የመካከለኛውንና የፊት ስፒከሮችን ገመድ፣ ኃይሉን አጥፍተው፣ ለጊዜው ይንቀሉና የኋላዎቹን ብቻ ያዳምጡ። ከኋላ በፊልሙ ሁሉ ምንም ካልተሰማ ፋይሉ ሁለት ቻናል ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ሙሉው ንግግር ከኋላ ከተሰማዎ ግን ሰው በኮምፒውተር 5.1 አስመስሎታል ማለት ነው። የመጨረሻውን ጥርጣሬ ለመፍታት «ኦዳሲቲ» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ድምፁን ይክፈቱት፤ እውነተኛው 5.1 ስድስት የተለያዩ ሞገዶች ያሳያል፣ የተመሰለው ግን አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሆናል። «ነጥብ አንድ» የምንለው ስድስተኛው ቻናልም ከ120 ኸርዝ በታች ላለው ወፍራም ድምፅ ብቻ የተመደበ ስለሆነ፣ በእርሱ ውስጥ የሰው ንግግር ጥርት ብሎ መሰማት የለበትም።

ገመዱንም ይመርምሩ። በዲስኩ ላይ ያለው ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ ወይም ዶልቢ ትሩኤችዲ ከስቱዲዮው ቅጂ ምንም ያልተቀነሰበት ድምፅ ነው፤ ድምፅን በብርሃን በሚያስተላልፈው በኦፕቲካል ገመድ ግን አያልፍም፣ ማጫወቻው የተጨመቀውን ቅጂ ብቻ ይልክልዎታል። ስለዚህ ሆም ቲያትሩ የኤችዲኤምአይ መግቢያ ካለው ማጫወቻውን በቀጥታ ከእርሱ ጋር ያገናኙ። የማያቋርጥ እምምታ ከሰሙ ደግሞ ቅጂውን ከመውቀስ በፊት የዲሹን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ነቅለው ይሞክሩ፤ እምምታው ከጠፋ ችግሩ የመሬት መስመር ነው።

ሁለቱን ቅጂዎች ሲያወዳድሩ ድምፃቸው እኩል ይሁን። ጆሮ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ የተሻለ አድርጎ ይሰማዋልና፣ አንድ የንግግር ትዕይንት መርጠው በስልክ የድምፅ መለኪያ እያስተያዩ ያመጣጥኑ። የሚቀያይረው ሌላ ሰው ቢሆንና እርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ቢፈርዱ የበለጠ ይታመናል።

ክፍልዎን በተመለከተ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ድምፁን እየመለሱ ንግግሩን ያደበዝዙታል። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ በጎን ግድግዳዎች ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ቢያንጠለጥሉ ለውጡን ወዲያው ይሰሙታል። የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከመቀመጫዎ ሲታዩ ከመሐል መስመር 30 ዲግሪ ያህል፣ የኋላዎቹ 110 ዲግሪ ያህል ይራቁ፤ ማለትም የኋላዎቹ ከጎንዎ ትንሽ ወደ ኋላ ያለፉ ይሆናሉ እንጂ ከጀርባዎ አይደሉም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ የድምፅ ፍርድ አይስጡ፤ ኮርኒሱ እስኪሠራ ድረስ ጠዋት ሳይዘንብ ያለውን ሰዓት ይጠቀሙ።

የጠያቂው ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያላችሁኝን ሁሉ አደረግሁ። ፋይሉ በሚዲያኢንፎ ሲታይ ምስሉ 3840 በ2160 ቢሆንም ቢትሬቱ 3 ሜጋቢት አካባቢ ነው፤ ድምፁም ኤኤሲ የተባለ ባለ ሁለት ቻናል የተጨመቀ ድምፅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከአምስቱም ይወጣ የነበረው ሆም ቲያትሩ ራሱ ያባዛው ነበር። ሁለቱም መግቢያዎች «ሲኒማ» ላይ ከሆኑ በኋላ ቤተሰቡ ሳይነገረው ዲስኩን መረጠ። ይሁንና ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ያው ፊልም በዲቪዲ ሲሆን በአምስት ደቂቃ ያህል ያጥራል፤ ተቆርጦ ይሆን? ሁለተኛ፣ ቤታችን ያሉ የቆዩ የአማርኛ ፊልሞች በቪሲዲ ናቸው፤ እነዚህንስ በምን ልመዝናቸው?

መልስ፦ ከእንጅባራ

ዲቪዲው ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጀ ከሆነ አልተቆረጠ ይሆናል። በፓል በሰከንድ 24 ፍሬም የነበረው ፊልም በ25 ስለሚጫወት የ120 ደቂቃ ፊልም በ115 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ያልቃል። ድምፁም ካልተስተካከለ በጥቂቱ ይቀጥናል፤ የሚያውቁትን ዘፈን ከብሉሬዩ ጋር አስተያይተው ቢሰሙት ልዩነቱ ይገለጥልዎታል።

ቪሲዲን በተመለከተ፣ ምስሉ 352 በ288 ብቻ፣ ድምፁም ቢበዛ ስቴሪዮ ስለሆነ ከብሉሬይ ጋር አይመዘንም። ለእነዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከቪሲዲው የተሻለ ቅጂ፣ ለምሳሌ የፊልሙ ባለቤት ዘንድ ያለ ዲጂታል ቴፕ ወይም በኋላ የወጣ ዲቪዲ ይገኛል ወይ? የቅጂ ቅጂ በተሠራ ቁጥር የሚጠፋው አይመለስምና፣ ካልተገኘ ዲስኩን ጭረት ሳይበዛበት መረጃውን እንዳለ በሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ ወደ ሌላ ኮዴክ አይቀይሩት፣ ወደ 4ኬም አይለጥጡት። ሲያዩት ወደ ስክሪኑ አይጠጉ፤ ምስሉም ሰዎቹ እንዳይሰፉ በ4 ለ3 ቅርጹ ይቆይ። ለድምፁ «ስቴሪዮ» ይበቃል፤ ንግግሩ ከስክሪኑ መሐል እንዲሰማ ከፈለጉ ሆም ቲያትሩ ስቴሪዮን ወደ ሌሎቹ ስፒከሮች የሚያከፋፍለው «ፕሮ ሎጂክ» ካለው እርሱን ይሞክሩ፣ የኋላዎቹን ግን ዝቅ ያድርጓቸው።