የተጎታች ቴላዮ፦ በዩ ቻናል ፋንታ ቱቦላሬ ይሆናል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ተጎታቹ ባለ አንድ አክስል ነው፣ እስከ 1200 ኪሎ ይጭናል። የቴላዮው (ጭነቱን የሚሸከመው የታች ማዕቀፍ) የጎን ብረቶች 80 ሚሊ ዩ ቻናል (የU ቅርጽ ያለው ብረት) ናቸው (80×45)። ከባሌስትራው (ከተደራራቢው የብረት ሞላ) በስተኋላ ሁለቱንም ጎን ዝገት በልቶታል። ያንን ቆርጬ ልተካ፣ በዚያው አልጋውን ከ3 ሜትር ወደ 3.5 ላስረዝም ነው። ብረት ሻጩ ዩ ቻናል የለኝም፣ 80×40×3 ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ) ውሰድ፣ ቁመታቸው እኩል ነው ይላል። ያዛልቃል?

ቴላዮ ሠሪ፦
አያዛልቅም። ቁመቱ እኩል ቢሆንም ጉልበቱ ግማሽ ነው። የመታጠፍ መቋቋሚያው (ሴክሽን ሞዱለስ) የዩ ቻናሉ 26.5 ሴ.ሜ ኩብ፣ የቱቦላሬው 13 አካባቢ። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከሙት ላይና ታች ያሉት ክንፎች ናቸው፤ የዩ ቻናሉ ክንፍ 8 ሚሊ ነው፣ የቱቦላሬው 3። «ጠንካራ ብረት ነው» ቢሉህም ለመጉበጡ መፍትሔ አይሆንም፤ ጥንካሬው ቢጨምርም ያው ብረት በአንድ ጭነት ያው ያህል ይጎብጣል።
ቱቦላሬ ካልክ 100×50×4 ነው። በሜትር 8.6 ኪሎ ገደማ፣ ከዩ ቻናሉ ጋር እኩል ይመዝናል፤ ጉልበቱም ተቀራራቢ ነው። ግን ሁለቱንም ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከቀየርክ ብቻ! ግማሹ ዩ ቻናል፣ ግማሹ ቱቦላሬ ከሆነ፣ ዩ ቻናሉ ሲጠማዘዝ ቱቦላሬው እምቢ ስለሚል መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከፊሉን ብቻ ከተካህ ያንኑ 80 ዩ ቻናል ፈልግ።
ስትገዛ መዝን። 80×40×3 ባለ 6 ሜትር 31 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት፤ 26 ከሆነ የሸጡልህ 2.5 ሚሊ ነው።

በያጅ፦
መቀጠያው ከኋለኛው የባሌስትራ ማንጠልጠያ ቢያንስ 30 ሳንቲም ይራቅ፤ ትልቁ ጫና እዚያ ነው። ዝገቱ እዚያ ከደረሰ አትቀጥል፣ ሙሉውን ብረት ቀይር። ጠርዙን በግራይንደር አሹለህ 2-3 ሚሊ ክፍተት ትተህ እስከ ውስጥ በይድ። ከዚያ በቋሚው ገጽ በኩል 6 ሚሊ ላሜራ ደርብ፣ ጫፎቹ ሾል ያሉ ይሁኑ። ከመጋጠሚያው ውጪ ክንፉን በአግድም አትበይድ፣ ክንፍ ላይም አትብሳ፤ ስንጥቁ ከዚያ ነው የሚነሳው። የቡሎን ቀዳዳ ቋሚው ገጽ መሃል ላይ ይሁን። ኤሌክትሮዱ 7018፣ ደረቅ፤ እርጥበት ካለው ብየዳው ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። በተራ ትራንስፎርመር ማሽን እሳቱ ስለማይረጋ ኢንቨርተር ተጠቀም።

ሌላ አባል፦
ማስረዘሙን ማንም አላነሳውም። አልጋው ወደ ኋላ 50 ሳንቲም ሲረዝም የጭነቱ መሃል 25 ሳንቲም ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመንጠቆ (ከመኪናው ጋር ከሚያያዝበት) እስከ አክስል 3 ሜትር ከሆነ 1200 × 0.25 ÷ 3 = 100 ኪሎ ከመንጠቆው ላይ ይነሳል። መንጠቆው ላይ ደግሞ ከጠቅላላው ክብደት 5-10 በመቶ ማረፍ አለበት፤ ያ ሲጠፋ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ጭራውን ያወዛውዛል። ስለዚህ አክስሉንም 25 ሳንቲም ገደማ ወደ ኋላ ውሰድ፣ ማንጠልጠያውን በአዲስ ቦታ ስታስር ከበያጁ 30 ሳንቲም ጋር እንዳይጋጭ መጀመሪያ በኖራ አስምር።

ጠያቂ፦
ዚንክ የተለበጠ 100×50×4 አግኝቻለሁ። ይበየዳል?

በያጅ፦
ይበየዳል፣ ግን ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ 5 ሳንቲም ዚንኩን ፈግፍገህ አንሳ፤ ያለዚያ ብየዳው ይቦረቦራል፣ ጭሱም ያሳምማል። ውጭ ሆነህ ሥራ። ሲያልቅ ያንኑ ቦታ በዚንክ ቀለም ሸፍን፣ የቱቦላሬውን ጫፎች በላሜራ ድፈን፣ በታች በኩል 8 ሚሊ የውኃ ማስወጫ ተው።