ፐርሺያን ድመቴ ብሩሽ ስታይ ትሸሻለች፣ ስይዛት ትነክሳለች። ምን ላድርግ?

የውሪ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤቴ ከሀገር ስትወጣ ድመቷን ለኔ ትታልኝ ሄደች። ፐርሺያን ናት፣ ነጭ፣ ፀጉሯ ረጅም። ማማሯስ ታምራለች፣ ግን ከጆሮዋ ጀርባና ብብቷ ውስጥ ፀጉሯ ተድበልብሎ ድሬድ ሆኗል። ብሩሽ ሳነሳ ሶፋ ሥር ትገባለች። እንደምንም ይዤ ስጀምርላት መጀመሪያ ዝም ትልና ድንገት ዞራ እጄን ትነክሰኛለች። ባለቤቴ «ማጅራቷን ጨምድጄ ልያዝልሽ» ይላል፣ እናቴ ደግሞ «ድመት ራሷን ትልሳለች፣ ምን አስጨነቀሽ» ትለኛለች። በመቀስ ልቁረጠው? ወይስ ላጥባት?

ቡልቡላ 07፦
እህቴ መቀሱን አስቀምጪው! የድመት ቆዳ ስስ ነው። ፀጉሩ ሲድበለበል ቆዳውን ወደ ላይ ስቦ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ፀጉር የቆረጥሽ መስሎሽ ቆዳዋን ትቀጃለሽ። ማጠቡም አሁን አይሆንም፣ ድሬዱ ውሃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃል። መጀመሪያ በደረቁ መፈታት አለበት።

ደረጀ የጎጃሙ፦
እኛ ቤት ስንት ድመት አደገ፣ አንዷንም ሚዶ ነክቷት አያውቅም። ፈረንጅ አደረጋችኋቸው እኮ 😂

ሻርጃ ነኝ፦
ደሬ፣ የናንተ ድመቶች ፀጉራቸው አጭር ነው፣ ምላሳቸው ይበቃቸዋል። እዚህ የቤት እንስሳት ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፣ በብዛት የሚመጡልን ፐርሺያኖች ናቸው። የድመት ምላስ ላይ ያሉት ትንንሽ እሾሆች ጫፋቸው ጎድጎድ ያለ ነው፣ ምራቅ ይዘው እስከ ቆዳዋ ያደርሳሉ። አሜሪካ ጆርጂያ ቴክ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ሲያጠኑ የፐርሺያን ፀጉር ላይ ግን እሾሁ ቆዳ ጋ እንደማይደርስ አይተዋል። ስለዚህ የውሪ እናት፣ እማማ ስለ ሌላ ድመት ልክ ናቸው፣ ይቺን ግን በየቀኑ ማበጠር ያንቺ ሥራ ነው።

«ድንገት ነከሰችኝ» ላልሽው፣ ድንገት አይደለም። ቀድማ ትነግርሻለች። ጭራዋን ግራ ቀኝ ትወዘውዛለች፣ ጆሮዋ ወደ ጎን ይዞራል፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ቆዳ ይንዘረዘራል፣ ፍርርር ስትል ከነበረም ታቆማለች። ከነዚህ አንዱን ስታይ እጅሽን አንሺ። ሳትሰለች ካቆምሽላት በሚቀጥለው ጊዜ አትሸሽም፣ እስክትነክስ ከጠበቅሽ ግን መንከስ እንደሚያስለቅቃት ትማራለች። ማጅራት መጨምደዱንም ለባለቤትሽ «ተው» በይው፣ ፍርሃቷን ያብሰዋል።

አሁን ብሩሹን ወለል ላይ ጣል አድርጊውና አጠገቡ ቁራጭ ሥጋ ወይም ቱና አስቀምጪላት። አትንኪያት። (ፆም ነው ሥጋ የለም እንዳትይኝ፣ ድመት አትፆምም።) መጥታ ስታሸተው፣ ስትበላ፣ ቀስ በቀስ ብሩሹን ስታይ ሥጋ ይመጣል ብላ ማሰብ ትጀምራለች። ከዚያ ጉንጯንና አገጯን አንዴ ብቻ ዳሰስ አድርጊ፣ ሥጋ ስጫትና ተያት። ድመት እዚያ ላይ መነካት ትወዳለች፣ ሆዷንና የጭራዋን ሥር ግን አብዛኞቹ አይወዱም፣ እሱን መጨረሻ ላይ።

የሰው ብሩሽ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ ከሥር ያለው ፀጉር እንደተቋጠረ ይቀራል። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ ፈልጊ። ድሬዱን ስትፈቺ ሥሩን ቆዳዋ ጋ በሁለት ጣት ያዢው፣ ያኔ መጎተቱ አይሰማትም፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ውስጥ ነው የምትሄጂው። ትንሽ ኮርን ፍላወር ብትነሰንሺበት ቶሎ ይላቀቃል።

ዶክተር ውሮ፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ትንሽ ልጨምር። አንድ ቦታ በነካሻት ቁጥር የምትጮህ ከሆነ ጉዳዩ ፀባይ ላይሆን ይችላል። ቁስል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የጥርስ ሕመምም ድመትን ራሷን መላስ ያስተዋታል፣ በተለይ ዕድሜዋ የገፋ ከሆነ። ቁንጫ ካየሽ ደግሞ የውሻ መድኃኒት አታድርጊባት፣ ፐርሜትሪን የሚባል ተባይ ማጥፊያ ያለበት ድመትን ይገድላል። ነጭ ጋዝ የሚቀቡም አሉ፣ እሱም መርዝ ነው፣ ትልሰዋለች።

ንክሻው ደም ካወጣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥበሽ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ጀርሙን ጥልቅ ነው የሚያስገባው፣ ከላይ ትንሽ ይመስላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳ እንደሆነም ጎረቤትሽን ጠይቂልኝ።

የውሪ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎረቤቴ ክትባቱን ወስዳለች ብላ የካርዱን ፎቶ ላከችልኝ። ብሩሹን ወለል ላይ ጥዬላት ዛሬ ራሷ መጥታ ጉንጯን አሸችበት 😍 ከጆሮዋ ጀርባ ያለውም እየተፈታ ነው። የብብቷ ግን ቆዳዋ ላይ ልጥፍ ብሏል፣ ጣትም አያስገባ። ባለቤቴ ቶንዶስ አለኝ እያለ ነው።

ዶክተር ውሮ፦
ቶንዶሱን ለራሱ ይጠቀምበት 😄 ሲቆይ ይግላል፣ ብብት ላይ ደግሞ ቆዳው እጥፋት ስላለው በቀላሉ ይቆረጣል። እንደዚያ የተለጠፈውን አትታገይው፣ ክሊኒክ ውሰጃትና ይላጩላት። ማደንዘዣ ሊያስፈልጋት ስለሚችል ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ መቼ ምግብ እንደምትከለክያት ጠይቂ። እስኪያድግላት ድረስ ሌላውን ቦታ ማበጠሩን አታቋርጪ።