ከአዲስ አበባ እስከ ሳነቴ በመኪና፦ በአሰላ ወይስ በሻሸመኔ?

የካዛንቺስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ለገና ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ባሌ ልንሄድ ነው። መኪናችን ቪትዝ ናት። በየት በኩል ይሻላል? ማልደን ብንወጣ በዚያው ቀን የባሌ ተራሮች አምባ የሆነውን ሳነቴን አይተን ጎባ መግባት እንችላለን? ቀይ ቀበሮን በዓይኗ ማየት የእናቴ የቆየ ምኞት ነው። ግን የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ ከፍታው አሳስቦኛል።

የአርሲ ሰው
በአሰላ ሂዱ እህቴ። እስከ አዳማ ፈጣን መንገዱ ነው፤ ከዚያ ወደ አሰላ ስትወጡ አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ጭላሎን በግራ እያያችሁ በቆጂ ትደርሳላችሁ፣ የደራርቱና የቀነኒሳ አገር። በገና ሰሞን የስንዴ አጨዳው ገና ስለማያልቅ አንዳንዴ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶት ይመጣል፣ ታገሱት። ደግሞ የገበያ ቀን ፈረሱም አህያውም አስፋልት ላይ ነው። ሲመሽ አትንዱ።

ሹፌር ነኝ
በአንድ ቀን? በፍጹም! የባሌ ሮቤ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ እደሩ፣ ሳነቴ በማግስቱ ጠዋት ይሁን። ነዳጅም ሮቤ ሙሉ፣ ላይ ማደያ የለም። ቪትዟን ግን ሆቴል አቁሟትና ከፍ ያለ መኪና ከነሹፌሩ ተከራዩ። እኔ ስወጣ ከጎባ በኋላ ኮረኮንች ነበር፣ ትንሽ ሞተር ደግሞ እዚያ ከፍታ ላይ ጉልበት ያጣል።

የካዛንቺስ ልጅ
እሺ፣ ሁለት ሌሊት እናድርገው። እናቴስ?

የዲንሾ አድናቂ
መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፣ ይሄ የግድ ነው። ሳነቴ 4000 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4377። በመንገዳችሁ ላይ ዲንሾ ውረዱ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ አስጎብኚም ትይዛላችሁ። ጥዱና ኮሶው መሃል የደጋ አጋዘን ቆሞ ያያችኋል፣ የማይሸሽበት ጊዜ አለ። እናትሽ ብዙ ሳይራመዱ የሚያዩት ነው።

ላይ ስትደርሱ ደግሞ መኪናውን አቁማችሁ ሞተር አጥፉ። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በቀን ስለሆነ ከመኪና ሳይወርዱም ሊያዩት ይችላሉ። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል መሃል ጆሮው ቀጥ ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ መሬቱን ሲያዳምጥ ካያችሁት ዝም በሉ፣ ሊዘል ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶዎች አብዛኞቹ ያሉት ባሌ ነው፤ እባካችሁ ምግብ አትጣሉለት፣ በመኪናም አትከተሉት። እናትሽን ራስ ምታት ወይም ትንፋሽ ማጠር ከጀመራቸው ፎቶ ልጨርስ ሳትሉ ወዲያው ውረዱ።

ሹፌር ነኝ
ደህና ከሆኑ ግን ከሳነቴ አትመለሱ፣ በሐረና ጫካ በኩል እስከ ሪራ መንደር ዝለቁ። ከቅዝቃዜው ወርዳችሁ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት የአስታ ዛፍ ውስጥ ትገባላችሁ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ፣ ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ይግላል። የሐረና ማር ካገኛችሁ ግዙ።