1 ሜትር ኪዩብ 100 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ ነው የሚሉ ተማሪዎችን እንዴት ላቃናቸው?

ከሐይቅ ዳር፦

ሰላም መምህራን። የምይዘው 5ኛ ክፍል ነው፤ 62 ተማሪ፣ ቤተ ሙከራ የለም። ይዘት ላይ ደርሰናል። «ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በቁመት» የሚለውን አንዱ እንደ ፋቲሃ፣ አንዱ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ይወጣዋል። 5፣ 4 እና 3 ብሰጣቸው 60 ለማለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ሁለት ነገር ግን አልሆነልኝም።

አንደኛው፣ ሰሌዳ ላይ ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ቁመቱ 2 የሆነ የኩብ ቁልል ሥዬ «ስንት ኩብ ነው?» ስል 26 የሚለው ይበዛል፤ 18 የሚልም አለ። 24 ያለው ከእጅ ጣት አያልፍም። ሁለተኛው፣ 1 ሜትር 100 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 1 ሜትር ኪዩብም 100 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ ነው ብለው ድርቅ ብለዋል። 1,000,000 ነው ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ገለበጡት፤ በማግስቱ 2.5 ሜትር ኪዩብን 250 አድርገው አመጡልኝ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መላ ያላችሁ እስኪ ወዲህ በሉ።

ጠመኔ ዘደሴ፦

አብሽር መምህር፣ መልክ ያለው ስህተት ነው፤ ይታከማል። 26 ያለው ልጅ የቆጠረው ኩብ ሳይሆን ፊት ነው። ሥዕሉ ላይ ከአናቱ 12፣ ከፊት ለፊት 8፣ ከጎን 6 ካሬ ይታየዋል፤ ሲደምረው 26። ጥግ ላይ ያለው ኩብ ሁለቴ ወይ ሦስቴ ተቆጥሯል፣ የተደበቀው ጭራሽ አልተቆጠረም። 18 ያለው ከእሱ ይሻላል፤ የቆጠረው ኩብ ነው፣ ግን የሚታየውን ብቻ። ከታችኛው ረድፍ ከኋላ የተደበቁት 6 ኩቦች ናቸው የቀሩበት። እነዚህን ሁለት ልጆች በአንድ ኤክስ ምልክት ማለፍ አያስፈልግም፤ መድኃኒታቸው ይለያያል። ለመጀመሪያው አንድ ኩብ አንስተው ስድስት ፊቱን በጠመኔ ቀብተው «ይሄ ስንት ኩብ ነው?» ይበሉት። ለሁለተኛው የላይኛውን ፎቅ አንስተው ከሥሩ ያለውን ያሳዩት።

«ፎቅ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቀመሩን ለሁለት ቀን ይርሱትና እንዲህ ይጠይቁ፦ አንድ ፎቅ ላይ ስንት ኩብ ይተኛል? 4 በ3፣ 12። ስንት ፎቅ ነው? 2። እንግዲያው 24። ልጁ የሚያባዛው ሦስት ቁጥር ሳይሆን የአንድ ፎቅ ኩብ በፎቅ ብዛት መሆኑን ካየ፣ ቀመሩን ባይነግሩትም ራሱ ያወጣዋል።

ለ62 ተማሪ ስድስት ስድስት እያደረጉ 10 ቡድን ያውጡ (ሁለቱ ትርፍ ይሆናሉ)። ለአንድ ቡድን 24 ኩብ፣ በድምሩ 240። ጭቃ አይመከርም፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። 1 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጎን 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይዘቱ 0.9 × 0.9 × 0.9፣ ማለትም 0.729 ይሆናል፤ ሩብ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ይልቅ አናጢ ቤት ሄደው 2 ሳ.ሜ በ2 ሳ.ሜ የተላገ ጣውላ በየ2 ሳ.ሜው ያስቆርጡ። መጋዙ ራሱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይበላል፣ ስለዚህ ከ1 ሜትር ጣውላ 45 ኩብ ይወጣል፤ 6 ሜትር ይበቃዎታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ኩብ 1 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ አይደለም፣ 8 ነው። መጀመሪያ ላይ «አንድ ኩብ» ብቻ ብለው ይጥሩት። ኋላ «ጎኑ 2 ከሆነ ይዘቱ ስንት ነው?» ሲሏቸው 2 የሚለው ልጅ ይበዛል፤ ጥሩ መግቢያ ነው።

5ለ ኮምቦልቻ፦

በመጀመሪያው ጉዳይ ከላይ የተባለው ይበቃል። ሁለተኛው ግን በሰሌዳ አይፈታም፤ ልጆቹ 1 ሜትር ኪዩብን አይተውት አያውቁም። እንዲያዩት ደግሞ 12 እንጨት ማሰር የለብህም። የክፍሉን ጥግ ተጠቀምበት። ወለሉ ላይ በጠመኔ 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ሥራ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች ላይም እንዲሁ። ከኩቡ 12 ጠርዞች 9ኙ በጠመኔ ተሰመሩልህ። የቀሩት 3 ናቸው፦ ወደ ክፍሉ መሀል የሚቆመው አንድ ቋሚና ከአናቱ ወደ ሁለቱ ግድግዳ የሚሄዱት ሁለት አግዳሚዎች። ለእነሱ ሦስት ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ልክ 100 ሳ.ሜ ቆርጠህ በሲባጎ እሰር። የወለሉ ካሬ እንዳይጣመም ሁለቱንም ሰያፍ ለካ፤ እኩል መሆን አለባቸው፣ ወደ 141 ሳ.ሜ። ካልተካከሉ ጥግህ ዘጠና ዲግሪ አይደለም ማለት ነው፤ በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ላይ ይህ ያጋጥማል።

ከዚያ 1 ዴሲ ሜትር ኪዩብ አምጣ፦ ጎኑ 10 ሳ.ሜ የሆነ፣ አናቱ ክፍት የካርቶን ሳጥን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ይሥራ። 62 ሳጥን ጥጉ ላይ ሲደረደር አንድ ፎቅ እንኳ አይሞላም፤ ለአንድ ፎቅ 10 በ10፣ 100 ያስፈልጋል። ይህ ጉድለት ነው የሚያስተምረው። ከጎን ያለውን ሴክሽን ሳጥን ተዋሱና አንዱን ፎቅ ሙሉ፤ «እስከ አናቱ ስንት ፎቅ?» በላቸው። 10። እንግዲያው 1,000 ሳጥን። አንዱ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ባለ 1 ሳ.ሜ ኩብ ስንት ይገባል? በተመሳሳይ መንገድ 1,000። ሺህ ጊዜ ሺህ፣ አንድ ሚሊዮን። ዜሮ ማስቆጠር አያስፈልግህም።

አሁንም 100 የሚል ካለ በሲኒ አሳየው። 100 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ያለ መርፌ ገዝተህ 10 ጊዜ ብርጭቆ ውስጥ ጨምር። ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። 1 ሜትር ኪዩብ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ነው፣ ወይም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። «አንድ ሮቶ ውሃ በአንድ ብርጭቆ አለቀ እያልከኝ ነው?» በለው።

ከሐይቅ ዳር፦

የጥጉ ነገር ግሩም ነው፣ ተመልካች በዛበት። የካርቶን ሳጥኑ ግን አልሰመረም። ጎኑን 10 ሳ.ሜ አድርጌ፣ ውስጡን ፌስታል አልብሼ ውሃ በሲሪንጅና በጠርሙስ እየለካሁ ብጨምር 850 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሲደርስ ፈሰሰ። ሌላው ሳጥን ደግሞ ሆዱ ተነፍቶ ከ1 ሊትር በላይ ያዘ። ልጆቹ ፊት አፈርኩ።

ግንበኛ ነኝ ከወልድያ፦

መምህር አይደለሁም፣ ግን ይሄ የእኛ ጉዳይ ነውና ልግባ። ሳጥንህን የለካኸው ከውጭ ነው። የካርቶኑ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከግራ 3፣ ከቀኝ 3 ይቀነሳል፤ ውስጡ 9.4 ሳ.ሜ ይሆናል። ወርዱም እንዲሁ። ቁመቱ ላይ ክዳን ስለሌለው የመሬቱ 3 ሚሊ ብቻ ይቀነሳል፣ 9.7። 9.4 × 9.4 × 9.7 ወደ 857 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ ነው። ያገኘኸው ልክ ነው እንጂ ምን ያሳፍራል! ውስጡ 10 እንዲሆን ከውጭ 10.6 በ10.6፣ ቁመቱን 10.3 አድርገህ ሥራ። ካርቶንህ ከሳሳ ወይም ከወፈረ ቁጥሩን አንተ አስተካክል።

የተነፋው ደግሞ ውሃው ስለሚገፋ ነው፤ ከሥር ይበረታል። ሁለት ቦታ በሲባጎ ጠፍር፣ አንዱን ከመሬቱ 3 ሳ.ሜ ላይ አድርገው። ወይ ውሃውን ተወውና በደረቅ ደቃቅ አሸዋ ሙላ፣ አናቱን በማስመሪያ ጠርገህ አስተካክል። አሸዋው እርጥብ አይሁን፤ ትንሽ እርጥበት ያለው አሸዋ ፍሬው ስለሚለያይ ያብጣል፣ ያው ክብደት ብዙ ቦታ ይይዛል። ሳጥኑን አትነቅንቀው፤ ከነቀነቅከው ይጠቀጠቅና ሌላ ቁጥር ታገኛለህ። ገበያ ላይ እህል ሲሰፈር ቁናውን ክምር ማድረግና ጠርጎ መስፈር እንደሚለያየው ነው። ልጆቹ ይህን ከእናቶቻቸው ጋር አይተውታል፣ ጠይቃቸው።

ለምሳሌ የሚሆንህን ልስጥህ። ኮንክሪት ስናቦካ አሸዋና ጠጠር የምንሰፍርበት የእንጨት ሳጥን ውስጡ 50 በ40 በ20 ሳ.ሜ ነው። 40,000 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ፣ 40 ሊትር፣ 0.04 ሜትር ኪዩብ። 25 ሳጥን 1 ሜትር ኪዩብ ይሞላል። ቁመቱ 18 የሆነ ሳጥን ቢመጣ 36 ሊትር ብቻ ነው፤ 25 ጊዜ ሰፍረህ 900 ሊትር ነው ያለህ፣ መቶው የት ገባ? ልጆች ይህን ይወዱታል፤ ሌባ መያዝ ይመስላቸዋል።

ጠመኔ ዘደሴ፦

ግንበኛው ያለውን ወርቅ በሉት። በመጽሐፍ የተሳለ ሳጥን ውፍረት የለውም፤ ልጁ ዕቃ ሲለካ ግን አለው። «ስንት ይይዛል?» ከተባለ ከውስጥ፣ «ስንት ቦታ ይወስዳል?» ከተባለ ከውጭ ይለካ።

ለመቀየሩ ደግሞ ደረጃ ሥሩላቸው። ሜትር፣ ዴሲ ሜትር፣ ሳንቲ ሜትር፣ ሚሊ ሜትር ብለው ወደ ታች ይጻፉ። ለርዝመት በየደረጃው 10፣ ለስፋት 100፣ ለይዘት 1,000። ሲወርዱ ማባዛት፣ ሲወጡ ማካፈል። ነጥቡ ለይዘት በየደረጃው ሦስት ቤት ይዘላል፦ 3,600 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ አንድ ደረጃ ሲወጣ 3.6 ዴሲ ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 3.6 ሊትር ነው፤ ሌላ አንድ ደረጃ ሲወጣ 0.0036 ሜትር ኪዩብ።

5ለ ኮምቦልቻ፦

በደረጃው አልስማማም፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሳምንት። ልጁ ደረጃውን ያስታውስና መውጣትና መውረዱን ይገለብጠዋል፤ 5 ሊትር 0.005 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ ሆኖ ይመጣል፣ እሱም ምንም አይሰማው። ከደረጃው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይልመድ፦ «መስፈሪያው አነሰ ወይስ ተለቀ?» በትንሽ ሲኒ የሚቀዳ ብዙ ጊዜ ይቀዳል፤ መስፈሪያው ካነሰ ቁጥሩ ይበዛል። አቅጣጫውን ሳያሰላ ከተናገረ በኋላ ደረጃውን ስጡት።

ሌላው፣ ይዘቱን ካወጣ በኋላ ከመቀየር ይልቅ ጎኖቹን ቀድሞ ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት ለዚህ ዕድሜ ይቀላል። በጥር የተፋሰስ ሥራ ላይ የሚቆፈረውን ቦይ ያውቁታል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 50 ሳ.ሜ ቢሆን፣ 3 × 0.5 × 0.5፣ 0.75 ሜትር ኪዩብ፤ ዝናብ ቢሞላው 750 ሊትር። የወጣው አፈር ግን ጉድጓዱ ውስጥ ተመልሶ አይገባም፣ ይተርፋል፤ ሲቆፈር ስለሚላላ ነው። አንድ ብልህ ልጅ ሊጠይቅህ ስለሚችል ተዘጋጅ።

ቧንቧ ያለበት ቤት ልጆች የውሃ ቆጣሪም ያንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኪዩብ፣ ቀዮቹ ከነጥብ በኋላ ያሉት ናቸው። ቀዮቹ ሦስት ከሆኑ የመጨረሻው ሊትር ነው። አንድ ጀሪካን ቀድቶ ቆጣሪው 0.020 ሲጨምር ያየ ልጅ ሺውን አይረሳም።

ከሐይቅ ዳር፦

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። አንድ የመጨረሻ፦ መረዳታቸውን የሚያጋልጥ የፈተና ጥያቄ ቢኖራችሁ?

ጠመኔ ዘደሴ፦

ቁጥሩ የተሰባጠረ ይሁን። የከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጡ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሳ.ሜ፣ ጥልቀቱ 30 ሳ.ሜ ነው፤ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላዋል? ትክክለኛው 200 × 50 × 30፣ 300,000 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ፣ 300 ሊትር፣ 15 ጀሪካን ነው። 2 × 50 × 30 ብሎ 3,000 ያመጣውን ቀይ አያስምሩበት፤ «3,000 ምን?» ብለው ይጻፉለት። «ሳንቲ ሜትር ኪዩብ» ካለ 3 ሊትር ነው፤ ሁለት ሜትር ገንዳ አንድ በሬ አንገቱን ሳያስገባ አለቀ።