አባ ጅፋር ፈርተው ነው የገበሩት?

ጅሬን ማዶ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን የእህቴ ባል ከአዲስ አበባ መጥቶ በባጃጅ ጅሬን ይዤው ወጣሁ። የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየ፣ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሳይዋጋ የገበረ ንጉሥ ምኑ ይደነቃል?» ደሜ ፈላ፤ ግን መልስ አጣሁ። ተኮራርፈን ወረድን፤ ባለባጃጁ ብቻ ነበር የሚያወራው።
እኔ የማውቀው ይቺን ነው፦ በፈረንጆች 1878 ነገሡ፣ ምኒልክ ሲበረቱ ገበሩ፣ በ1932 ሲሞቱ ንጉሥ ከተባሉ 54 ዓመት ሆኗቸዋል። ምን ልበለው?

የሂርማታ ቡና፦
ገብረው ምን አተረፉ በለው። ግብሩ በየዓመቱ ይሄዳል፤ ቀላል አልነበረም። በምትኩ ዳኝነቱ፣ ኬላው፣ የሂርማታ ገበያ በእጃቸው ቀረ። ነጋዴ ደግሞ ጦርነት ያለበት አገር አይሄድም፤ ቅፍለቱ (የነጋዴው ጓዝ) ሁሉ ወደ ጅማ ጎረፈ። «አትዋጋ» ያሏቸው እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ናቸው ይባላል። አያቴ ይቺን ስታወራ ጀበናው ይቀዘቅዝ ነበር።

የቦንጋ ልጅ፦
ቆይ እንጂ! በፈረንጆች 1897 ካፋ ላይ ከምኒልክ የጦር አዛዥ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር የጅማ ጦር አልዘመተም? የእኛው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ተዋግቶ ተያዘ፣ አገሩንም መልሶ አላየም። የእናንተ ዙፋን የሰነበተው የጎረቤትን ዙፋን እያስነቀለ ነው። ጎበዝ ነበሩ፤ አልክድም። ሂሳቡን የከፈልነው ግን እኛ ነን።

ጅሬን ማዶ፦
እውነትሽን ነው እህቴ። ይሄን እኛ ለእንግዳ አናወራም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ገብሮ አገርን በእጅ የማቆየቱ ውል በሁለት ሰዎች መካከል የተገባ ነው፤ ምኒልክ አምነዋቸው ነበር። ምኒልክ በፈረንጆች 1913 አረፉ፣ አባ ጅፋርም አረጁ፣ ነገሩ በልጅ ልጃቸው በአባ ጆቢር እጅ ወደቀ። ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በየጠቅላይ ግዛቱ ሌላ ንጉሥ እንዲኖር የሚፈልጉ ሰው አልነበሩም። በዚያው በ1932 ጅማን ጠቀለሏት። አባ ጅፋር እሳቸውን የሚተካ ሰው አበጅተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ብቻ እኔም ያው የጅማ ሰው ነኝ፤ አዳላለሁ።

ጅሬን ማዶ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም ገልብጬ ለእህቴ ባል በቴሌግራም ላክሁለት። አይቶታል። ዝም ብሏል።